ትችት ከፍሎ መግዛት ያዋጣል? ለምትሃተኞች የተዘጋጀ የቪዲዮ ግምገማ አገልግሎትን ሞክሬው

የዛሬው ግምገማዬ የምትሃት ትርኢት ቀርፀው ኢንተርኔት ላይ ለሚለቁ ሰዎች ስለሚሰጥ አንድ አገልግሎት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከፍላችሁ አባል ትሆናላችሁ። ቪዲዮ ትልካላችሁ። ብዙ ዓመት መድረክ ላይ የቆዩ ምትሃተኞች ያዩትና ጉድለቱን በጽሑፍ ይነግሯችኋል። ስሙን አልጠቅስም። ዝግ ቦታ ነው፤ አባል የሚሆን ሁሉ እዚያ ያየውን ዘዴም ሆነ ያገኘውን ሰው ውጭ ላያወራ ቃል ይገባል። እኔም ቃል ገብቻለሁ። ደግሞም የዚህ ዓይነት አገልግሎት ይኼ ብቻ አይደለም። ሌላ ቦታ ለመመዝገብ ያሰበም ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ ጽሑፍ የሚያገኝ ይመስለኛል።

ፍርዴን ላስቀድም። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። የአንዷን ኮከብ ነገር በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ የምሠራው በካርታና በሳንቲም ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከተመልካቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ። እንዲህ ያለ ትርኢት በአካል ሲታይ አንድ ጊዜ ነው የሚታየው። ቪዲዮ ሲሆን ግን ተመልካቹ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.25 ያወርደዋል። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ አቁሞ በኮማና በነጥብ ቁልፎቹ ፍሬም በፍሬም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ታዋቂው ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒ አንድን ትርኢት ሦስት ጊዜ ካየሁ ዘዴውን እደርስበታለሁ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ዳይ ቨርነን የሚባል የካርታ ምትሃተኛ አንዲት ካርታ ደጋግሞ አሳየው። ካርታዋ መሀል ትገባለች፤ ተመልሳ ከላይ ትገኛለች። ሁዲኒ አልደረሰበትም። ዛሬ ግን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሠላሳ ጊዜም ማየት ይችላል። ቨርነን ራሱ በዚህ ዘመን ቢሆን ምን ያደርግ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ስለዚህ የሚመጣብን ትችት ጠንከር ያለ ነው። ካየኋቸው ውስጥ የሚደጋገሙት ጥቂት ናቸው። «ኤዲት ነው» የሚል አለ። «ያ ሰውዬ የራሷ ሰው ነው» የሚል አለ። ደቂቃና ሰከንድ ጠቅሶ «እዚህ ጋ ያዝኩሽ» የሚል አለ። ዘዴውን ከነዝርዝሩ ጽፎ የሚያስቀምጥም አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን ግን ብዙ ጊዜ ማንም የማይጽፈው ነው። ሰለቸኝ የሚለው። የሰለቸው ሰው አስተያየት አይጽፍም፤ ዘግቶ ይሄዳል።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ቪዲዮ ለመላክ ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። በአንድ ትንፋሽ የተቀረፀ መሆን አለበት፤ መቁረጥና መቀጠል አይፈቀድም። ካሜራው የተቀመጠ ተመልካች ዓይን ከፍታ ላይ ይሁን ይላሉ። የተመልካቹ ፊትና እጅ መታየት አለበት። መጀመሪያ ሳነበው ይኼኛውን አልወደድኩትም ነበር፤ ምክንያቱም ቪዲዮዎቼ ሁሉ የሚያሳዩት የራሴን እጅ ብቻ ነው። አሁን ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምመክረው ይህንኑ ነው። ምትሃቱ የሚሆነው ተመልካቹ ላይ ነው። እጅ ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ሰውን መርማሪ ያደርገዋል። ሌላ የሚያየው ነገር የለማ።

ከቪዲዮው ጋር የሚሞላ ቅጽ አለ። ለማን እንደምታሳዩ ይጠይቃል። የትኛው ቦታ እንደሚያሳስባችሁ ይጠይቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ያስቆየኝ ነው። ያየው ሰው ነገ ለጓደኛው ሲያወራ ምን ብሎ እንዲናገር ትፈልጋላችሁ? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት ይላል። እኔ የላክሁት አራት ሳንቲሞች አንድ በአንድ ከግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ የሚሻገሩበትን ትርኢት ነበር። «ሳንቲሞቹ እጇ ውስጥ እያሉ ተሻገሩ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ትችት ሁሉ የሚመዘነው በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው። ሃያሲው የራሱን ምርጫ ሳይሆን እኔ የፈለግሁት መድረሱን ነው የሚያየው። ይህን ከሌላ ከማንም አግኝቼው አላውቅም።

ያንን ቪዲዮ ሕዝብ ፊት ለቅቄው ነበር። ብዙ ሰዎች አንዲት ሰከንድ ላይ ተረባረቡ። 1:14 ላይ ቀኝ እጄ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ጻፉ። እኔም ያንን እንቅስቃሴ መስታወት ፊት ቆሜ እስኪሰለቸኝ ደጋገምኩት። እጄ ንጹህ ነበር። ሰዎቹ ግን መጻፋቸውን አላቆሙም።

አገልግሎቱ የመደበልኝ ሃያሲ ጠረጴዛ ላይ ምትሃት ሲሠሩ ያረጁ አንጋፋ ሰው ናቸው። የጻፉልኝን ሳነብ መጀመሪያ ያስገረመኝ ስለ ቀኝ እጄ አንድም ቃል አለመኖሩ ነው። እሳቸው የጻፉት ስለ ዓይኔ ነበር። 1:14 ላይ ዓይኔ ወደ ቀኝ እጄ ይወርድና ወዲያው ይመለሳል። ተመልካቹም ዓይኔን ተከትሎ ይወርዳል። እጄን ማንም አልያዘውም፤ የጠቆምኳቸው እኔው ነኝ አሉኝ። ሦስተኛው ሳንቲም ላይ ስደርስ ደግሞ ትከሻዬ ከፍ ይላል፤ ድምፄም አብሮ ይፈጥናል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እየተደረገ መሆኑ ይሰማዋል።

መፍትሔውንም አብረው ጽፈዋል። በዚያች ሰከንድ ተመልካቹን በስሙ ጠርቼ አንድ እውነተኛ ጥያቄ እንድጠይቀው። መልሱን የምፈልገው ጥያቄ መሆን አለበት አሉ፤ ካልሆነ ዓይኔ መልሶ ይወርዳል። ሳንቲሞቹ ስንት እንደቀሩ ጠይቂው፤ ሲመልስልሽ ፊቱን እይው። ሌላው ምክራቸው ቀለበቴን እንዳወልቅ ነበር። እጄ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀለበቱ የመብራቱን ብርሃን ይመልሳል፤ ካሜራ ላይ ብልጭ ባለ ቁጥር ዓይን ወደዚያ ይሳባል። በአካል ሲታይ ይህ ችግር የለም። በቪዲዮ ግን አለ።

እንደገና ቀረፅኩት። የእጅ ሥራውን ምንም አልነካሁትም። ያንን ቪዲዮ ስለቅ ስለ 1:14 የጻፈ ሰው አልነበረም። ክርክሩ ወደ መጨረሻው ሳንቲም ዞረ። እኔም የምፈልገው ሰዎች እዚያ ላይ እንዲከራከሩ ነበር። ለዚህ ብቻ እንኳ የከፈልኩት አይቆጨኝም።

ከጽሑፉ ጋር የሚመጣ የነጥብ ወረቀትም አለ። ቴክኒክ አንዱ መስመር ብቻ ነው። አቀራረብ፣ የማዝናናት አቅም፣ የትርኢቱ አወቃቀር፣ አዲስነትና የምትሃት ድባብ እያንዳንዳቸው ለብቻ ነጥብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረውና ዛሬ በየሦስት ዓመቱ የሚካሄደው የፊዝም (የምትሃተኞች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን) የዓለም ውድድር ዳኞችም ከእጅ ሥራ በላይ ብዙ ነገር ነው የሚመዝኑት። ኢንተርኔት ላይ ትችት የሚያቆስለን ብዙውን ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ አንድ መስመር ብቻ ስለሚያወራ ይመስለኛል። ወረቀቱን ሳየው በቴክኒክ ጥሩ ነጥብ አግኝቼ በአወቃቀር ወድቄያለሁ። ሕዝቡ የነገረኝ የዚህን ተገላቢጦሽ ነበር።

በጣም የወደድኩት ሌላ ነገር ምስጢር የሚጠብቁበት መንገድ ነው። አባላት የሌላውን ትችት ማንበብ ይችላሉ፤ ከሌሎች ስህተት መማር ይቻላል ማለት ነው። ነገር ግን ሃያሲዎቹ ዘዴውን በግልጽ አይጽፉም። ባለቤቱ ብቻ በሚገባው መልኩ ነው የሚጽፉት። ሁለቱ አሜሪካውያን ምትሃተኞች ፔንና ቴለር እ.ኤ.አ. በ2011 በጀመረው የቴሌቪዥን ትርኢታቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፔን ዘዴውን ማወቃቸውን ለምትሃተኛው በሾርኒ ይነግረዋል። ምትሃተኛው ይገባዋል፤ ሌላው ተመልካች ግን ምስጢሩ ሳይበላሽበት ይቀራል። ትችትና አክብሮት አብረው መሄድ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የአገልግሎቱ ሰዎችም ይህን በጥንቃቄ ይይዙታል።

ለሕዝብ ትችት እንዴት መልስ እንደሚሰጥም ያማክራሉ። ይህ ክፍል ለብቻው የሚከፈልበት አይደለም፤ ከአባልነቱ ጋር ይመጣል። እኔ ዘዴውን ዘርዝሮ ለሚጽፍ ሰው ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠየቅኩ። መልሳቸው አጭር ነበር። አትከራከሪ። ተሳስተሃል ብትይው እንኳ የቱ ጋ እንደተሳሳተ እየነገርሽው ነው። ዩቲዩብ ላይ የተወሰኑ ቃላትን መዝግቦ እነሱን የያዘ አስተያየት ባለቤቱ ሳያየው እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። የዘዴዎቹን መጠሪያ እዚያ አስገባሁ። ደጋግሞ የሚያጋልጥ ሰው ካለ ከቻናሉ መደበቅ ይቻላል፤ እሱ ይጽፋል፣ ሌላው ግን አያየውም። ይህን ሳደርግ ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው የለንደኑ የምትሃተኞች ማኅበር ማጂክ ሰርክል ምስጢር አለማውጣትን መሪ ቃሉ አድርጎ የኖረው ግን በከንቱ አይደለም። ዘዴው የእኔ ብቻ አይደለም። ከእኔ በፊት የለፉበት አሉ፤ ነገ በእሱ እንጀራ የሚበሉም አሉ።

«ኤዲት ነው» የሚለውን ግን አታጥፊው ብለውኛል። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። መጥፎ አስተያየት ሁሉ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ጥሩውንም የሚያምን የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በቃል መልስ መስጠት አይጠቅምም። ተመልካቹ ራሱ ስልኩን ይዞ እየቀረፀ ሳለ አንድ ጊዜ ሠርቶ መልቀቅ ይበቃል። «የራሷ ሰው ነው» ለሚለውም እንዲሁ ነው። ይህን ክስ በመሐላ ማስተባበል አይቻልም። ትርኢቱ ውስጥ ነው መፍትሔው። ካርታውን የሚመርጠው አንድ ሰው፣ የሚበውዘው ሌላ ሰው፣ የሚይዘው ሦስተኛ ሰው ይሁን። ያኔ ሁሉም የእሷ ሰው ናቸው ማለት ለከሳሹም ይከብደዋል።

እንግዲህ ስለጎደለችው ኮከብ።

ሃያሲዎቹ በሙሉ ምትሃተኞች ናቸው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ የላክሁት የካርታ ትርኢት ነበር። ተመልካቹ አንድ ካርታ መርጦ ይፈርምበታል፤ ካርታው ይጠፋና ያልተጠበቀ ቦታ ይገኛል። ይህንን ያዩት ሁለት ሃያሲዎች ናቸው። አንደኛው ወጣት ነው፤ በካርታ አያያዜ ላይ ረጅም ጽሑፍ ጻፈልኝ። ካርታዎቹን የማስተካክልበት መንገድ የቆየ ነው፤ በዚህ ዓይነት ቀይሪው አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ አይ፣ የቆየው ይሻላል ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ለሁለት ተከራከሩ። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ አነብባለሁ።

በዚያው ሰሞን ስለ ምትሃት ምንም የማታውቅ ዘመዴ ቪዲዮውን አየችው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «ለምንድነው የፈረመው?» አለችኝ። ለእኛ ግልጽ ነው። ካርታው ያው ራሱ መሆኑን፣ ሌላ ተመሳሳይ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም። እኔም ቪዲዮው ውስጥ አልተናገርኩም። የትርኢቱ ግማሽ ኃይል ያለው ፊርማው ላይ ነው፤ እሷ ጋ ደግሞ አልደረሰም። ሁለት ባለሙያዎች አይተውት ይህን አንዳቸውም አላነሱም። ሊያነሱ አይችሉም፤ ፊርማ ሲያዩ ትርጉሙን አብረው ያያሉ።

ሌላው ቅሬታዬ ከቁጥሮች ጋር ያለው ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ የሚባለው የቻናል ባለቤቶች ገጽ፣ ሰዎች ቪዲዮውን የት ላይ ትተው እንደሄዱ በመስመር ያሳያል። መስመሩ ድንገት ወደ ላይ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ሰዎች ያንን ቦታ ደግመው አይተውታል ማለት ነው። ለእኛ ይህ ወርቅ ነው። ከፍታው መጨረሻ ላይ ከሆነ ተደንቀው ነው የመለሱት። መሀል ላይ፣ ምንም መሆን በሌለበት ቦታ ከሆነ ጠርጥረው ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ወዲህ የአልወደድኩትም ቁጥር ለሕዝብ አይታይም፤ ባለቤቱ ግን አሁንም ያየዋል። አገልግሎቱ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይጠይቅም። ፎቶ አንስቼ በራሴ ተነሳሽነት ስልክላቸው አንጋፋው ሃያሲ በጣም ተደሰቱ። ዓይኔ የወረደበት ሰከንድና መስመሩ የወጣበት ቦታ አንድ ነበር። ታዲያ ይህ ለምን ቅጹ ላይ አይገባም?

ለአጭር ቪዲዮም ብዙ ሐሳብ የላቸውም። ፋታ ስጪ፣ ተመልካቹ ይተንፍስ የሚለው ምክር ጠረጴዛ ላይ እውነት ነው። ስልክ ላይ በአውራ ጣቱ እየገፋ ለሚያልፍ ሰው ግን ያ ፋታ መውጫ በር ነው። ደግሞ በኤዲቲንግ የሚሠራ ምትሃትን ጨርሶ አይቀበሉም። በኤዲቲንግ ምትሃት የታወቀው ዛክ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ቫይን በሚባለው፣ አሁን በተዘጋው የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያ ላይ ከጀመረ ወዲህ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ እሱም ኤዲቲንግ መሆኑን አይደብቅም። አለመቀበል መብታቸው ነው። ግን ይህን የምታነቡት ከከፈላችሁ በኋላ ነው። መመዝገቢያው ገጽ ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት። አንዲት አባል በዚህ ምክንያት አዝና ስትወጣ አይቻለሁ፤ እውነቷን ነው።

ለማን ይሆናል? ገና ካርታ መያዝ ለምትማሩ አልመክርም። ሃያሲዎቹ ያያሉ፣ ይጽፋሉ፤ ግን የምትፈልጉት አስተማሪ ነው እንጂ ተቺ አይደለም። ቪዲዮ እየለቀቃችሁ፣ ሰዎች አንዲት ቦታ ላይ እየተረባረቡባችሁ፣ እናንተም ምክንያቱ ካልገባችሁ ግን ግቡበት። ትችት ሲመጣ እንቅልፍ ለምታጡም ይጠቅማል። ከአንድ እውነተኛ ባለሙያ የተጻፈ አንድ ገጽ በእጃችሁ ሲኖር የቀረው ጫጫታ ብዙም አያንገላታም። እኔ ይህን በራሴ አይቻለሁ።

ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት ላኩት። ብዙ አባላት ከሕዝብ ትችት ከመጣ በኋላ ነው የሚልኩት፤ ያኔ ተከላክለው ነው የሚያነቡት። ቅጹ ላይ ሰዎች የጻፉባችሁን አስተያየት ሳትመርጡ ለጥፉ። ሃያሲ መምረጥ ባይቻልም ያው ሰው እንዲመደብላችሁ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ያየ ሰው ሁለተኛውን ሲያይ ምን እንደተለወጠ ይነግራችኋል፤ አዲስ ሰው ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ለአገልግሎቱ ኃላፊዎች ሁለት ጥያቄ ጽፌ ልኬያለሁ። ከሃያሲዎቹ ጋር ምትሃት የማያውቅ አንድ ተመልካች ይቀመጥ፤ ያልገባውን ብቻ ይጻፍ። ትችቱም በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በድምፅ ይላክ፤ ፋታና ፍጥነትን በጽሑፍ ማስረዳት ለእነሱም ይከብዳል። የመጀመሪያውን እያሰብንበት ነው ብለውኛል። ለሁለተኛው ገና አልመለሱልኝም። አባልነቴን ግን አድሻለሁ፤ በሚቀጥለው የምልክላቸው ገና ያልለቀቅሁት የገመድ ትርኢት ነው።